ስትሮጥ አንሳልኝ

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ሰውን «አትንቀሳቀስ» በማለት ነው። ቢቸና ውስጥ ከእኔ ፎቶ ቤት ገብቶ ትንፋሹን ሳይውጥ የወጣ ሰው የለም። ሙሽራ በለው፣ ተመራቂ በለው፣ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የመጣ ገበሬ በለው፣ ሁሉም በእኔ ትእዛዝ እንደ ምሰሶ ተገትሯል። በፊልሙ ዘመን አንዱን «ትንፋሽህን ያዝ» ብዬው ፊልም አለቀብኝና ልገዛ ደጀን ድረስ ሄጄ ስመለስ እንደያዘ አገኘሁት። የማያምነኝ ካለ ሰውየውን ማምጣት እችላለሁ፤ እስከ ዛሬ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ የሞጣው ሾፌር «ስትሮጥ አንሳልኝ» ያለው።

የሞጣውን ሾፌር በዚያ መንገድ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። በሞጣና በቢቸና መካከል ጨው፣ ስኳር፣ ቆርቆሮ፣ ሽንኩርት፣ አንዳንዴም ሙሽራ ከነሚዜዎቿ የሚያመላልስ ኤንትሬ ነበረችው። ኤንትሬ ለማያውቅ፣ አፍንጫዋ ደፍጣጣ፣ ድምፅዋ የወፍጮ ቤት የሆነ የድሮ የጭነት መኪና ናት። አባቴ በልጅነቴ ዜማ እንድማር ደብረ ወርቅ የወሰደኝ በእሷ ነው። ከጨው ጆንያ ላይ አስቀመጡኝና ስደርስ ግማሹ እኔ ግማሹ ጨው ሆኜ ወረድኩ። ሾፌሩ ያኔ ጎረምሳ ነበር። «ቢስሚላህ» ብሎ ነበር የሚያስነሳት፣ አባቴ ደግሞ ከጎኑ ተቀምጦ ያማትብ ነበር፤ በሁለቱም በኩል ተይዛ እንኳ ዳገቱ ላይ ታቃስት ነበር።

ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ ከፎቶ ቤቴ ፊት አቆማት። ሞተሩን አላጠፋም፤ በሜዳ ላይ ካጠፋት የምትነሳው ግማሹ ቢቸና ሲገፋት ነው። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ሲወርድ ጉልበቱን ይዞ ነበር።

«ልሸጣት ነው» አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

«ለማን ጋሼ?»

«ለሚቆራርጧት። ከባሕር ዳር የሚመጡ ሰዎች ናቸው፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ሞጣ ላይ ይረከቡኛል። ዕቃዋ ጠፋ፣ የእኔም ጉልበት ፍሪሲዮን አልረግጥ አለ። ማን ማንን እንደሚሸከም መለየት አቃተን።»

እኔ ቀልድ የሚያልቅብኝ አልፎ አልፎ ነው፤ ያን ቀን አለቀብኝ።

«እና ፎቶ እፈልጋለሁ። ቤት የማንጠለጥላት።»

«ይሄው ወጥቼ አነሳታለሁ፤ እርስዎም ከፊቷ ይቁሙና…»

«ቆማማ አይሆንም» አለ። «የቆመችበት ፎቶማ ሞልቶኛል። ሙሽራ ተደግፏታል፣ ዘመድ ተደግፏታል። እኔ እሷን ቆማ የማውቃት ስትታመም ነው። መንገድ ዳር ስሯ ተኝቼ፣ ዘይት ፊቴ ላይ እየተንጠባጠበ። ወደፊት ቤቴ ተቀምጬ ዕለት ዕለት የታመመች ልያት? ስትሮጥ አንሳልኝ።»

«ስትሮጥ» ሲል አልሳቅሁም። እሷ ስትሮጥ ጥላዋ ቀድሟት እንደሚደርስ፣ ደብረ ወርቅ ላይ እንቁላል ሆኖ የተጫነ ዕቃ ሞጣ ላይ ጫጩት ሆኖ እንደሚወርድ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ግን ለእሱ ትሮጥ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከቢቸና መውጫ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። መጣች፣ አነጣጠርኩ፣ ቀጭ። ፎቶው ጥርት ያለ ነበር፣ የቀለሟ መላጣ ሳይቀር ይታያል። አትሜ ሲመለስ ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገና ብዙ አየው።

«የት ጋ ነው የተበላሸችው?» አለኝ።

«ኧረ እየሄደች ነው ጋሼ።»

«ጎማዋን እየው፤ ብሎኑ ይቆጠራል። የሚዞር ጎማ ብሎኑ ይቆጠራል? እኔን ደግሞ እየኝ፤ መሪ ይዤ መካኒክ የምጠብቅ ነው የምመስለው።»

እውነቱን ነው። ከእኔ ካሜራ ፊት የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይገተራል፤ መኪናዋንም እንደ ደንበኞቼ ትንፋሿን አስይዣት ነበር።

ሲሄድ የቆዩ ፎቶዎቼን የያዘውን ካርቶን ገለበጥኩ። ድሮ ያነሳኋቸው መኪኖች እኮ ይበሩ ነበር። ይቺው ኤንትሬ እንኳ በአንዱ ፎቶ ላይ ሰማይ ልትወጣ የተነሳች ትመስላለች። አንድ በአንድ ሳገላብጣቸው ገባኝ። አቧራው ነው። ያኔ መንገዱ ጠጠር ነበር፤ በሬ ሲያልፍበት እንኳ እንደ ጦር ሠራዊት አቧራ ያስነሳል። እኔ ዝም ብዬ ቀጭ ስል ፍጥነቱን የሚሥልልኝ አቧራው ነበር። አስፋልቱ መጣና አቧራውን ይዞብኝ ሄደ። ስንት ዘመን እየተሳደብኩ ከአንገቴ ያራገፍኩት አቧራ ባልደረባዬ ኖሯል። እናቶች ከመንገድ ዳር ያሰጡትን ልብስ ሲሰበስቡ፣ እኛ ልጆች ደግሞ አቧራው ውስጥ ገብተን መኪናዋን ስናሳድድ፣ ከወዲያ ማዶ ነጭ ሆነን ስንወጣ ትዝ አለኝ። ዛሬ ልጅ መኪና ሲያሳድድ አይቼ አላውቅም።

ያን ማታ ስልኬን ከፍቼ ስፈልግ አንድ ፈረንጅ አገኘሁ። የመኪና ውድድር ሜዳ ዳር ቆሞ፣ የሚያጓሩ መኪኖች ፊት ለፊቱ እየተወነጨፉ፣ እንዴት እንደሚነሱ ያስተምራል። ኔትወርካችን ፈረንጁን አንድ ቃል በአንድ ቃል ነው የላከልኝ፤ አፉን ከፍቶ ከቆመ እራት በልቼ እመለሳለሁ። ሆኖም ነገሩ ገባኝ። ፓኒንግ ይሉታል። መኪናውን አታቁመው፣ አንተ አብረኸው ሂድ ነው። የካሜራው ሸተር፣ ያ የብርሃን መክደኛው፣ ቀስ ብሎ እንዲከደን ታደርጋለህ፤ መኪናው ገና ከሩቅ ሲመጣ በካሜራህ ትይዘዋለህ፣ ከወገብህ እየዞርክ እኩል ትከተለዋለህ፣ እየዞርክ ትጫናለህ። መኪናው ጥርት ብሎ ይቀራል፣ ከኋላው ያለው ዛፍና ቤት እንደ ውኃ ይፈስሳል። አቧራ አያስፈልግም።

ችግሩ የፈረንጁ መኪኖች ዓይን ሳይጨፈን ያልፋሉ፤ የእኔዋ ደግሞ ዓይን ተጨፍኖ፣ እንቅልፍ ተወስዶ፣ ተነቅቶም ገና አታልፍም። እየተጎተተ የሚያልፍ ነገር ኋላው እንዲፈስስ ሸተሩን የባሰ ማዘግየት ያስፈልጋል። እሱ የሰከንድ መቶ ሃያኛ ሲል እኔ አሥራ አምስተኛ ድረስ መውረድ ነበረብኝ። እዚያ ሲደረስ እጅህ ቀርቶ የልብህ ምት ፎቶውን ያንቀጠቅጠዋል።

ልምምዱን ከበረንዳዬ ላይ በባጃጆች ጀመርኩ። ካሜራ ይዤ ባጃጅ ባጃጁን ስከተል ባጃጅ ነጂዎቹ ከትራፊክ ጋር የምሠራ መሰላቸው። ሁሉም እኔ ጋ ሲደርስ ዝግ ይላል፣ ትርፍ የጫነው ያወርዳል፣ ቀበቶ የሌለው ባጃጅ ላይ የተቀመጠው ደግሞ የሱሪውን ቀበቶ ያጠብቃል። ለአንድ ሳምንት የቢቸና ሥርዓት እንዲያ ተከብሮ አያውቅም። ዝግ የሚል ባጃጅ ግን ለልምምድ አይሆንም።

ያነሳሁትን ለባለቤቴ አሳየኋት።

«ይሄ ምንድን ነው? ሽሮ ነው?»

«ባጃጅ ነው።»

«ታዲያ ገንፍሏል በለኛ።»

እሷ ከእኔ ጋር የኖረችው ባልዋን በማድነቅ አይደለም። በማግስቱ ቡናዋን ይዛ በረንዳው ደፍ ላይ ተቀመጠችና ስሠራ አየችኝ።

«ስማ» አለችኝ ቆይታ፣ «ደህና ትዞር ትዞርና ልትጫን ስትል ትገተራለህ። ትንፋሽህንም ትይዛለህ። ደንበኞችህን ነው የምትመስለው።»

ሳቅሁ፤ ከዚያ አንዱን ባጃጅ ስከተል ራሴን አዳመጥኩ። እውነቷን ነው። ጣቴ ሲጫን አካላቴ ሁሉ ቀጥ ይላል። ሰው ላይ ስጮኸው የኖርኩት ትእዛዝ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ኖሯል።

ለዚህ መድኃኒቱን ያገኘሁት ከቤቱ ጓዳ ነው። የአባቴ መቋሚያ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ማሕሌት ሲቆም የሚመረኮዘው። አነሳሁት፣ ካሜራውን ከእጀታው ላይ አሳረፍኩት፣ መሬቱን አስነክቼ ዞር አልኩ። እጄ መንቀጥቀጡን ተወ። ያኔ ደብረ ወርቅ ትዝ አለኝ። የዜማ መምህራችን ዝማሜ፣ በመቋሚያ እየተወዛወዙ ማዜሙን፣ ሲያስተምሩን ሁልጊዜ እኔን ነበር የሚያስነሱት፤ ችሎታዬን አይተው ሳይሆን አለመቻሌ ሌላውን ያስተምራል ብለው። «ቃሉ አለቀ ማለት ወገብህ አለቀ ማለት ነው እንዴ?» ይሉኝ ነበር። «ድምፁ ሲያርፍ አካልህ ገና እየሄደ ነው። ቀስ ብሎ ይረፍ እንጂ አይሰበር።» እኔ ግን ቃሉ ሲያልቅ እንደ አህያ ቀጥ ነበር የምለው፤ ከኋላዬ ያለው ልጅ ከጀርባዬ ጋር ይጋጫል። መምህሩ ተስፋ ቆርጠው ወደ አባቴ መለሱኝ፣ አባቴም ተስፋ ቆርጦ ፎቶ አንሺ ዘንድ አስቀጠረኝ። ይኸውላችሁ፣ ያን ያልያዝኩትን ትምህርት በጎልማሳነቴ ለባጃጅ ተማርኩት። ቀጭ ካለ በኋላም መዞሩን አታቋርጥ፤ መኪናው ካለፈህ በኋላ እንኳ ሸኘው።

ባለቤቴ መቋሚያ ይዤ በረንዳ ላይ ስዘምም አይታ «ዛሬ የማን ንግሥ ነው?» አለችኝ።

«የባጃጅ።»

«ይርዳህ» ብላ ገባች። ግን ያን ቀን ከገነፈለው ሽሮ መሐል አንድ ባጃጅ ወጣ። ሦስት ጎማ ያለው፣ ነጂው የሚታወቅ፣ ኋላው እንዳለ የሚፈስስ ባጃጅ። አትሜ ለራሱ ለነጂው ሰጠሁት፤ ቅጣት መስሎት ሊቀበለኝ አልፈለገም።

ሐሙስ ዕለት ከሾፌሩ ጋር ከደብረ ወርቅ አለፍ ብሎ ተቀጣጠርን። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ባዶ የጤፍ ማሳ ከኋላ ከሆነ የሚፈስስ ነገር የለም፤ እዚያ ግን ባሕር ዛፍ በመስመር ተተክሏል፣ ቀጥ ቀጥ ያለ። ከማዶው ቆምኩ። የእግሬን ጣቶች መኪናዋን ላነሳት ወደምፈልግበት ቦታ አዞርኩ፣ ከወገቤ በላይ ብቻ ወደምትመጣበት ተጠማዘዝኩ። እንዲህ ሲሆን ሰውነት እንደተጠቀለለ ገመድ ራሱ ይፈታል። መጣች። ያዝኳት። መዞር ጀመርኩ። እኔ ጋ ስትደርስ… ቆመች።

ሾፌሩ በመስኮት ወጥቶ እጁን ዘረጋልኝ። «እንዴት ዋልክ? ቤት ደህና ናቸው?»

«ጋሼ፣ አይቁሙ ብዬዎት አልነበር?»

«ታዲያ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ እያየሁ ዝም ብዬ ልለፍ?»

«እኔ እኮ ነኝ፣ ሌላ ሰው አይደለሁም።»

«ለዚያ ነዋ። የማላውቀው ቢሆን እጄን ብቻ አነሳ ነበር።»

ይህ ሰው በዚያ መንገድ ስንት ዘመን ሲመላለስ የሚያውቀውን ሰው ሰላም ሳይል አልፎ አያውቅም። ኤንትሬዋ ከሞጣ ቢቸና ቀኑን ሙሉ የምትፈጀው ሞተሯ ደክሞ ብቻ አይደለም፤ ሰላምታው ነው። ስለዚህ መላ አበጀን። አሁን በደንብ ሰላም እንባባል፣ እዳው ይውረድ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ይምጣ። ሰላም ተባባልን፤ ከልጆች እስከ ላም ድረስ ተጠያየቅን። ሄደ፣ ዞረ፣ መጣ። ያዝኳት፣ ዞርኩ፣ እኔ ጋ ስትደርስ ፍሬን ያዘና ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለ።

«አሁን ምን ሆኑ?»

«ከሄድኩበት መምጣቴ አይደል?» አለኝ ተገርሞ።

ለሦስተኛ ጊዜ ዛፍ ሥር ተደብቄ ሞከርኩ። እንዳላየኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እሱ ግን እዚያ መሆኔን ስለሚያውቅ ዛፉን ሰላም ብሎ፣ ክላክስ ነፍቶ፣ ዝግ ብሎ አለፈ። ከዚህም ሁሉ በላይ መኪናዋ ደጋግማ ስትቆም ያዩ የአካባቢው ሰዎች መጫኛ ቦታ መስሏቸው ዕቃቸውን ይዘው ተሰብስበዋል፤ አንዲት ሴት ዶሮዎቿን እኔ እጅ ላይ አስቀምጣ ጋቢና ለመውጣት መሰላል ትፈልጋለች። ፀሐይዋ ወረደች። እሱ ከጋቢናው አንገቱን አወጣ።

«ተወው ልጄ» አለኝ። ልጄ ብሎኝ አያውቅም ነበር። «የቆመችዋ ትበቃኛለች። ከእኔ ጋር መኖር የተጻፈላት የታመመችዋ ናት መሰለኝ።»

ሴትዮዋን ከነዶሮዎቿ ጭኖ ሄደ። እኔ መቋሚያዬን ይዤ ቀረሁ።

ቅዳሜ ሳልነግረው ወጣሁ። ዓርብ የመጨረሻ ጭነቱን ቢቸና አራግፎ እዚያው እንዳደረ፣ ጠዋት ባዶዋን ወደ ሞጣ እንደሚነዳት ሰምቻለሁ። በሚኒባስ ቀድሜ ከባሕር ዛፎቹ ፊት ወረድኩ። አልተደበቅሁም፤ እኔ መሆኔን ከለየ የሚሆነው ይታወቃል፣ ይቆማል፣ ሰላም እንባባላለን፣ ያ ብቻ ነው። ተጠማዝዤ ጠበቅሁ።

ከማየቴ በፊት ሰማኋት። ስትቀርብ በካሜራው ያዝኳትና መዞር ጀመርኩ። ሾፌሩ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ፊት ለፊት ያያል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እኔ የለሁም፣ ዛፎቹ የሉም። ፍሬኑን እጠብቃለሁ፣ አልያዘም። ትንፋሼን ልይዝ ስል የመምህሬ ድምፅ መጣና ለቀቅሁት፤ እየተነፈስኩ ተጫንኩ፣ ተጭኜም ዞርኩ፣ ቀጭታው ካለቀ በኋላም ወገቤ እየሄደ ሸኘኋት። ጀርባዋን እስካይ ድረስ።

አለፈኝ። ሰላም ሳይለኝ አለፈኝ። በዕድሜዬ ያ ሰው ሰላም ሳይለኝ ሲያልፍ ያ የመጀመሪያው ነው፤ መንገድ ዳር ቆሜ ካሜራዬን እንኳ ሳላይ በዓይኔ ተከተልኩት።

ከማዶ ኩርባው አፋፍ ላይ ቀይ መብራቷ በራ። ቆመች። ከዚያ ወደ ኋላ መምጣት ጀመረች። ኤንትሬ ወደ ኋላ ስትሄድ አይታችሁ አታውቁም፤ በቅሎን በጅራቷ ከመጎተት ይከብዳል። ከኋላ የመጣ አውቶቡስ ክላክሱን አንባረቀባት፣ አንድ ሚኒባስ ተሳድቦ አለፈ፣ እሷ ግን አስፋልቱን እያጓራች በጀርባዋ መጣች። አጠገቤ አቁሞ ወረደ፣ ጉልበቱን ይዞ።

«ይቅር በለኝ» አለ። «ሰላም ሳልልህ አለፍኩ። እንዴት አደርክ? ባለቤትህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። እርስዎስ?»

«አላየሁህም እኮ። ከእሷ ጋር እያወራሁ ነበር። ምን ትላት ነበር ብለህ እንዳትጠይቀኝ።»

አልጠየቅሁትም። የካሜራውን መስታወት አዞርኩለት። መነጽሩን ፈልጎ አጣ፣ ካሜራውን እጁ እስኪያልቅ ከፊቱ አራቀው።

«ዛፎቹ ምን ሆነው ነው?»

«እያለፏቸው ነው።»

ባሕር ዛፎቹ አረንጓዴ ውኃ ሆነው ወደ ኋላ ይፈስሳሉ። ጎማዋ ብሎን የለውም፣ ክብ ጭጋግ ነው። መሐሉ ላይ ደፍጣጣ አፍንጫዋና መሪ የያዘ ሽማግሌ ጥርት ብለው ይታያሉ።

«ትሮጣለች» አለ።

«ትሮጣለች ጋሼ።»

በእጁ ጀርባ ፊቱን ጠረገና ካሜራውን መለሰልኝ። «ይሄ ሾፌር ግን ባለጌ ነው። ሰው ቆሞ እያየ ያልፋል።»

ከዚያ ጋቢና አስገባኝና አብረን ሞጣ ሄድን። መንገድ ላይ ያየውን ሁሉ ሰላም አለ፤ ስንደርስ ገዢዎቹ ጠብቀውን ደክሟቸው አንዱ በረንዳ ላይ ተኝቷል። ቁልፉን ሲሰጣቸው ሞተሩን አላጠፋውም።

ፎቶው ዛሬ ሞጣ ከቤቱ ሳሎን፣ ከበሩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። በትልቁ አትሜዋለሁ፣ የእኔ ፎቶ ቤት መጋረጃ የሚያክል ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ያሳያል፤ ስለ መኪናዋ ፍጥነት የሚያወራውን ብትሰሙ እኔ ቀልደኛ መባሌ ይቀራል። እኔም በዚያ በኩል ሳልፍ እገባለሁ። ከበሩ ሳልደርስ ተነስቶ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል፣ ቤቴን፣ ልጆቼን፣ ላሜን ይጠይቃል። ከተቀመጥኩ በኋላ ዓይኑ ፎቶው ላይ ያርፍና እንደገና ይነሳል፣ ጉልበቱን ይዞ፣ እጁን ይዘረጋልኛል።

«ይቺ ሰላምታ ደግሞ የዚያን ቀኗ ናት» ይለኛል።

እኔም ተነስቼ እቀበለዋለሁ።